ሐረር ይወጣል፣ ድሬ ይወረዳል

አዲስ አበባ ውስጥ በተሰባሰቡ የድሬዳዋና የሐረር ልጆች ፊት የተደረገ ንግግር፤ ከሞላ ጎደል እንደተነገረው የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም! አካም ኦልታን!

በእኛ አገር በአንድ ቋንቋ ብቻ ሰላም ካልን ሰላምታው ጎደሎ ነው። ድሬ ውስጥ አንድ ሱቅ ገብተህ እስክትወጣ በአማርኛ ትጠይቃለህ፣ በኦሮምኛ ይመልሱልሃል፣ በሶማልኛ ዋጋ ትከራከራለህ። ሐረር ስትወጣ ደግሞ ሐረሪው ይጨመራል። በየትኛውም ቋንቋ ብትሰሙኝ ሰላምታዬ ለሁላችሁም ነው።

እዚህ መድረክ ላይ ቆሜ ሳያችሁ አንድ ነገር ታዘብኩ። ማንም ሳያዛችሁ የድሬ ልጆች በግራ፣ የሐረር ልጆች በቀኝ ተቀምጣችኋል። እውነት ነው ወይስ አይደለም? እስቲ ዞር ዞር በሉና ተያዩ። አያችሁ? አዲስ አበባ ስንት ዓመት ኖረን፣ ልጅ ወልደን፣ ፀጉራችን ሸብቶ፣ አሁንም አዳራሽ ስንገባ ወገን እንለያለን። እኔ ይሄ ደስ ይለኛል። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ደስ ይለኛል።

እኔ የት እንደምቀመጥ ግን ቸግሮኝ ነበር። አባቴ የድሬ ሰው ነው፤ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እናቴ የሐረር ናት፤ የሸዋ በር ልጅ። ራሴ ድሬ ተወልጄ ሐረር 9 ዓመት፣ ድሬ 24 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። አዘጋጆቹ መሐል እንድቆም ያደረጉኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ዛሬ ሦስት ነገር ላወራችሁ ነው። አንደኛ፣ ይህ ፉክክራችን ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ፉክክሩ ሕግ አለው፤ ሕጉ ምንድን ነው? ሦስተኛው ለወጣቶቹ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስለ አነጋገራችን ትንሽ ልበል።

የድሬ ሰው «ሐረር ልሄድ ነው» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አይልም። «ሐረር ልወጣ ነው» ይላል። የሐረር ሰውስ «ድሬ ልሄድ ነው» ይላል? አይልም። «ድሬ ልወርድ ነው» ይላል። ይህ የጂኦግራፊ ጉዳይ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ። በመሐል ያለው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ግን አየሩ ይለወጣል፣ ልብሱ ይለወጣል፣ የምግብ ፍላጎት ሳይቀር ይለወጣል። ደንገጎን ስትወጣ ጆሮህ ይደፈናል። ልጆች ሳለን እናቴ ደንገጎ ላይ ሹራብ ከዘንቢሏ እያወጣች ታለብሰን ነበር። ስንመለስ እዚያው ቦታ ላይ ታስወልቀናለች። ዛሬም «ደንገጎ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ የሚኮሰኩስ ቀይ ሹራብ ነው።

ሐረር የምንወጣው የእናቴ ታላቅ እህት ቤት ነው። እትዬ ነበር የምንላት። እትዬ አባቴን «ባቡሩ» ነበር የምትለው። ገና በሩን ሲገባ «ባቡሩ መጣ! መንገድ ልቀቁ!» ትላለች። ከዚያ ይጀምራሉ። «ሰው ሲያድግ ይወጣል፤ ሲወድቅ ነው የሚወርደው» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «እትዬ፣ ውሃ የሚወደው ቁልቁል ነው። ከተማ ደግሞ ውሃ ባለበት ነው» ይላታል። «ምንጩ ግን ላይ ነው!» ትላለች እሷ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ እንዲህ ይቀጥላሉ። ይህን ክርክር ከልጅነቴ እስከ ጎልማሳነቴ ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልሰለቸኝም። ይህችን የውሃ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እሺ፣ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ፉክክሩ ከየት መጣ? ከባቡር መጣ።

በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። በዚያ ውል ላይ የመጀመሪያው መስመር ከጅቡቲ እስከ ሐረር ነበር። ልብ በሉ፤ እስከ ሐረር! ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ውሉ ላይ የለችም። ለምን ሐረር? ምክንያቱም ያኔ የምሥራቁ ንግድ በር ሐረር ነበረች። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ ሐረር ይሰበሰባል፣ ከዚያ በግመል ወደ ዘይላ ይወርዳል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጁገል ግንብ አለ፤ አምስቱ በሮች አሉ፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ገዢው ደግሞ የንጉሡ ታማኝ ራስ መኮንን ናቸው። ታዲያ ባቡሩ ሌላ የት ይሂድ?

ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጣ። ተራራው ሥር ደረሰ። መሐንዲሶቹ ቀና ብለው አዩት። ሒሳብ ሠሩ። ወጪው የሚቻል አልሆነም። ሐዲዱ ሜዳው ላይ ይቅር ተባለ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ሥር ደረሰ፣ ጣቢያ ተሠራ፣ በጣቢያው ዙሪያም ከተማ በቀለ። ያችን አዲስ ከተማ ምን ብለው ጠሯት? «አዲስ ሐረር» አሏት። አዎ! ድሬዳዋ መጀመሪያ የተጠራችው አዲስ ሐረር ተብላ ነው። የሐረር ልጆች አሁን ማጨብጨብ ትችላላችሁ።

ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሐል ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፣ ሥራው ቆመ፣ ድሬ ለዓመታት የመስመሩ ጫፍ ሆና ቆየች። እስቲ አስቡት። ከባሕር የመጣ ዕቃ ሁሉ የሚራገፈው ድሬ ነው። ወደ ባሕር የሚሄድ ዕቃ ሁሉ የሚጫነው ድሬ ነው። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ ዐረቡ ነጋዴ ሐረር ያለውን መደብር እየዘጋ ወረደ። ሐረር የተጎዳችው ያኔ ነው። ለዘመናት የኖረ የግመል ንግድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀዘቀዘ። የሐረር ሰው ለዚህ ነው ስለ ባቡር ሲነሳ ፊቱ የሚለወጠው። ቀልዱ ከሥሩ እውነተኛ ቁስል አለው። የድሬ ልጆች፣ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

እትዬ ድሬን «ባቡሩ መውጣት አቅቶት የቀረበት ሜዳ» ነበር የምትላት። አባቴ «ባቡሩ አይቶ የመረጠው ሜዳ» ይላል። የታሪክ መጽሐፍ ቢገለጥ ሁለቱም አልዋሹም።

ድሬ በባቡሩ ሌላ ሰው ሆነች። የከዚራ ሰፈር መንገዶች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዛፎቹ ከግራ ከቀኝ ይገናኙና ጥላ ይሆናሉ። አባቴ ፈረንሳይኛ የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነው። ደብዳቤው በፈረንሳይኛ፣ የዕቃው ስም በፈረንሳይኛ፣ አለቃው ሲቆጣ በፈረንሳይኛ። እስከ ዛሬ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ለገሀሬ ነው የሚባለው፤ እሱም የፈረንሳይኛው የጣቢያ ስም ነው። ከተማው ሰዓቱን የሚያስተካክለው በባቡሩ ጥሪ ነበር። እናቴ ሽሮውን የምታወርደው ባቡሩ ሲጮህ ነው።

ሐረር ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። ጁገል ውስጥ መንገዱ ቀጥ አይልም። ግንቡ ታጥፎ ሌላ ግንብ ይሆናል፤ ጠፋሁ ስትል ፈረስ መጋላ ላይ ብቅ ትላለህ። መኪና ግርግርን የማያውቅ አለ? ልብስ ሰፊዎቹ በረድፍ ተቀምጠው የሲንጀራቸው ድምፅ ለመንገዱ ስም የሰጠው! ከግንቡ ውጭ ሌላው አገር የረሳው ፔጆ 404 ታክሲ ተሳፋሪ ይጭናል። ማታ ከግንቡ ሥር ጅብ በስሙ ተጠርቶ ከሰው እጅ ሥጋ ይጎርሳል። 82 መስጊድ፣ ከመቶ በላይ የአውልያ ማረፊያ በዚያች ጠባብ ግቢ ውስጥ አለ። ይህን ሁሉ ይዛ እንዴት አትኮራ?

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ድሬ ውስጥ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለውን አሮጌውን ሰፈር ምን ትሉታላችሁ? መጋላ! መጋላ ምን ማለት ነው? በሐረሪ ገበያ ማለት ነው። ሐረር ፈረስ መጋላ አላት፣ ድሬ መጋላ አላት። እትዬ ይህን ስታነሳ አባቴ መልስ አልነበረውም። ወሬ ይለውጣል። «የሐረር እንግዳ ሁሉ በአውሮፕላን ሲመጣ የሚያርፈው የት ነው? ድሬ አየር ማረፊያ! መጀመሪያ የእኛን አየር ተንፍሶ ነው እናንተ ጋ የሚደርሰው» ይላል።

ሁለተኛው ነጥብ። ዛሬ የመጣሁበት ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ፉክክር ሕግ አለው። የሰፈር ኳስ ሕግ እንዳለው ሁሉ ተረብም ሕግ አለው። ማንም ጽፎ አልሰጠንም፤ ግን እነ አባቴ፣ እነ እትዬ ያውቁት ነበር። ሕጉ ይህ ነው። ሰውን በሚኮራበት ትነካዋለህ፤ በሚያመው አትነካውም። በሚኮራበት ትነካዋለህ፣ በሚያመው አትነካውም! ሐረሬን በግንቡ፣ በጅቡ፣ በፔጆው ተርበው። ድሬን በሙቀቱ፣ በአሸዋው፣ በባቡሩ ተርበው። ይስቃል፣ ይመልስልሃል፣ ምሳ ይጋብዝሃል።

ቀላሉን ልንገራችሁ። ሐረር በማስተምርበት ጊዜ የእኛን ተማሪዎች ከድሬ ተማሪዎች ጋር ኳስ አጋጠምን። መጀመሪያ ድሬ ወረድን። ጨዋታው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የድሬን 8 ሰዓት ታውቁታላችሁ፤ ሜዳው ምጣድ ነው። የእኛ ልጆች 4 ለ1 ተሸነፉ። ሲመለሱ መኪና ውስጥ «ያሸነፈን ፀሐይ ነው» እያሉ ዘፈኑ። በሳምንቱ ድሬዎች ወጡ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ በጥቅምት ብርድ አጋጠምናቸው። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ነው የተጫወቱት። 3 ለ0 አሸነፍን። እነሱም «ያሸነፈን ብርድ ነው» ብለው ወረዱ። በመጨረሻ ሐረማያ ላይ፣ መሐል መንገድ እንገናኝ ተባለ። 1 ለ1 ወጡ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር አይረሳኝም። የሚያማርሩበት ምክንያት ሲጠፋ ሜዳው ዳር ተቀምጠው አንድ ላይ ብርቱካን ላጡ። ከእነዚያ ልጆች ውስጥ ሁለቱ ኋላ እህትማማቾች አግብተዋል።

አሁን ከበድ ያለውን ልንገራችሁ።

የሐረማያ ሐይቅን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። ሐረር ለዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ነው። በልጅነታችን መንገዱ ዳር ውሃው ያንጸባርቅ ነበር፤ ወፍ ነበረበት፣ ጀልባ ነበረበት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ሐይቅ ሲደርቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በየዓመቱ ዳሩ እየራቀ፣ እየራቀ፣ አንድ ቀን ከብት መሐሉ ላይ ሲግጥ ታያለህ። መስኖው ጠጣው፣ ከተማው ጠጣው፣ ከየተራራው የታጠበው አፈር ሞላው። ሐረር ተጠማች። ጀሪካን በየበሩ ተሰለፈ።

እትዬ ስለ ድሬ ውሃ የምትለው ነበራት። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ነው፤ በራድ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይሠራል። «የድሬ ውሃ ድንጋይ ይወልዳል» ትል ነበር። ያን ጊዜ ድሬ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጀሪካን ሞልቼ ሐረር መውጣት ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ አባቴ አብሮኝ ወጣ። እንግዲህ ያ ሁሉ ዘመን «ከተማ ውሃ ባለበት ነው» ያለው ሰው ነው። መንገዱን ሙሉ ምን ይላት ይሆን እያልኩ ነበር። ደረስን። ጀሪካኑን እሱ ራሱ ተሸክሞ ገባ። ጥግ አስቀመጠው። ስለ ውሃ አንድ ቃል አልተናገረም። «እትዬ፣ የዘንድሮ ብርዳችሁ ደግሞ ብሷል» አላት። እሷም ስለ ድንጋዩ አላነሳችም። በራዷን ሞላችና ጣደች።

ሕጉን ያየሁት ያን ቀን ነው። አባቴ ክርክሩን ማሸነፍ ይችል ነበር። አላሸነፈም።

ከዚያ ሐምሌ 1998 መጣ። የዚያን ወር ነገር ሳስብ ዛሬም ልቤ ይከፈላል። በወሩ መጀመሪያ ሐረር ደስታ ነበረች። ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። እትዬ ስልክ ደውላ አባቴን «ባቡሩ፣ ዓለም ያወቀው ማንን እንደሆነ ሰማህ?» አለችው። እሱም «ጅቦቹን ነው እንጂ እናንተን አይደለም» ብሎ ሳቀ። ያው ወር ሳያልቅ፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት ደቻቱ መጣ። ደቻቱ በጋውን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። ያን ሌሊት ደጋው ላይ የዘነበው ሁሉ ቁልቁል ወረደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ቤቱ በተኛበት የተወሰደ አለ። ጎርፉ ከሄደ በኋላ የነበረውን ጭቃ፣ የነበረውን ዝምታ መናገር አልችልም።

አባቴ «ውሃ የሚወደው ቁልቁል ነው» ይል እንደነበር ነግሬያችኋለሁ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ያችን ቃል ለረጅም ጊዜ ከአፉ አልሰማሁም።

ሲነጋ ከሐረር አይሱዙ ወረደ። ዳቦ፣ ብርድ ልብስ፣ ጀሪካን ውሃ። ውሃ! ራሷ የተጠማች ከተማ ውሃ ጭና ወረደች። ሐረር አብሮኝ ያስተምር የነበረ አንድ የታሪክ መምህር አብሯቸው መጣ። በዓለም ላይ እንደሱ ድሬን የሚተርብ ሰው አላውቅም፤ «የትናንት ልጆች» ነበር የሚለን። ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ጭቃ ዛቀ። የድሬ ልጆችን ስም እየጠራ ጠየቀኝ፤ ያኔ ኳስ የተጫወቱትን። የትኞቹ እንዳሉ፣ የትኞቹ እንደሌሉ። ሲሄድ እጄን ይዞ ቆየ። ምንም አላለኝም፤ እኔም ምንም አላልኩትም።

አንድ ሌላ ቀን ልጨምር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌው ባቡር ቆመ። ድሬ ያለ ባቡር ድምፅ ማደር ጀመረች። አዲሱ መስመር ኋላ ሲመጣ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ፤ ድምፁ ከዚራ አይደርስም። አባቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ግን ማታ ማታ ጣቢያው በር ድረስ ሄዶ ይመለስ ነበር። እትዬ ይህን ሰማች። በዚያ ዕድሜዋ ደንገጎን ወርዳ መጣች። ቤት ስትገባ ሁላችንም «ባቡሩ የታለ?» የምትለውን ጠበቅን። አላለችም። በክርስትና ስሙ ጠራችው። በ40 ዓመት ውስጥ በስሙ ስትጠራው የሰማሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። አጠገቡ ተቀመጠች። ያመጣችውን ሆጃ አፈላች፤ የቡና ገለባውን ከሐረር ይዛው ነው የመጣችው። እየጠጡ ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ። ከዚያ ቀን በኋላ «ባቡሩ» የሚለው ስም ከአፏ ጠፋ። ለዓመታት ጠፋ። እኔ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ስም ናፍቆኝ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ። አጭር ነው። ወጣቶች፣ ወደፊት ጠጋ በሉ።

ይህ ፉክክር የእኛ ብቻ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ አላቸው፣ ሐዋሳና ሻሸመኔ አላቸው። ጎረቤት ከተማ ባለበት ሁሉ አለ። አሁን ግን አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። የቀድሞ ተማሪዬ ልጅ፣ እዚሁ አዲስ አበባ የተወለደ፣ ስልኩን አሳየኝ። የድሬ ደጋፊ ነኝ ባይ ነው። ለሐረሮች የጻፈውን አነበብኩ። «በጥማት አልቁ» ይላል። ከሥሩ ሌላው መልሶለታል፤ «ደቻቱ ይብላችሁ» ይላል። እኔ ያን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጁን «ደንገጎን ወጥተህ ታውቃለህ?» አልኩት። «አላውቅም» አለኝ። «ደቻቱንስ አይተሃል?» «በቪዲዮ» አለኝ። ያኛውም የመለሰለት ልጅ ሐረርን ስንት ጊዜ እንዳያት አላውቅም። ሁለቱም የሚኮራበትንና የሚያመውን አይለዩም። እንዴት ይለያሉ? አያውቋቸውማ! የማታውቀውን ሰው መተረብ አትችልም፤ ልትሰድበው ብቻ ነው የምትችለው።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው ነው። ሂዱ! የድሬ ልጅ የሆንክ፣ የዘንድሮን ሸዋሊድ ሐረር ውጣና እይ። ከኢድ በኋላ የሹዋል ጾም ሲፈታ ከተማዋ ስትዘፍን ታያለህ፤ በ2016 ዓ.ም. ዓለም የመዘገበው በዓል ነው። በዓሹራ ለጅብ ገንፎ ሲቀርብለት እይ። ከአንድ የሐረር ቤት ገብተህ መደቡ ላይ ተቀመጥ፤ የት እንደሚቀመጥ ካላወቅህ ጠይቅ፣ ያስቀምጡሃል። የሐረር ልጅ የሆንሽ፣ ድሬ ውረጂ። ፀሐይዋ ከገባች በኋላ ከዚራ ላይ ከወዲህ ወዲያ በይ፤ ሙቀቱ ሲተነፍስ፣ ሰው ሁሉ ደጅ ሲወጣ፣ የማታውቂው ሰው «አቦ፣ ነይ ሻሂ ጠጪ» ሲልሽ። በታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የምትወጡ ደግሞ መንገዱ ላይ ሁለታችሁም ትገናኛላችሁ። ከዚያ ተመልሳችሁ ተራረቡ። እኔ ዳኛ እሆናለሁ፤ አዳራሹንም አዘጋጆቹ ይፈልጋሉ።

ልጨርስ ነው። ውሃውን ያዙልኝ ብዬ ነበር።

ሐረር ከተጠማች በኋላ ሰው ሁሉ ውሃ ከየት ይምጣ እያለ ተጨነቀ። ላይኛው አገር አልነበረም። ተፈልጎ ተፈልጎ የተገኘው ታች ነው፤ በድሬዳዋ በኩል ያለው ቆላ፣ ድሬ ጃራ። ጉድጓድ ተቆፈረ። 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ቧንቧ ተዘረጋ። ውሃው በፓምፕ እየተገፋ፣ ባቡሩ ያልቻለውን ተራራ ወጥቶ ሐረር ገባ። ችግሩ ፈጽሞ አልተፈታም፤ ዛሬም የምትቸገሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ታላቅ ደስታ ነበር።

ያን ቀን ድሬ ከአባቴ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። አርጅቷል፤ ብዙም አያወራም። ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናት። ድምፅዋ ደክሟል፤ ግን ከኋላዋ የቧንቧ ውሃ በባልዲ ሲወርድ ይሰማኛል።

«አባትህ አለ?» አለችኝ።

«አለ እትዬ፣ አጠገቤ ነው።»

«እንግዲያው ለባቡሩ ንገርልኝ» አለች።

ባቡሩ አለች! ከስንት ዓመት በኋላ!

«ምን ልበለው?» አልኳት።

«ውሃውም ሐረር ወጣ በለው።»

ነገርኩት። አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ስልኩን ከእጄ ወሰደና «እትዬ» አላት፣ «ከማን እንደወጣ ግን እንዳትረሺ።» ከዚያ ሁለቱ ማንንም ሳያስጨርሱ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እያወራ፣ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። እኔ ተነስቼ ሻይ ላፈላ ገባሁ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ ጊዜ አለን። የመጀመሪያውን ለዚያ ከኋላ እጁን አውጥቶ ለቆየው የሐረር ልጅ እሰጣለሁ። ድሬዎች፣ ቀጥሎ የእናንተ ነው።